በወሎ ታሪክ አንድ ስም የያዙ ሰዎችን በማውጫ ላይ እንዴት እንለያቸው?

የጦሳ ሥር (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላይ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የወሎ ታሪክ የስም ማውጫ እያዘጋጀን ነው። በመጻሕፍቱ ውስጥ የሚነሱትን ሰዎች በፊደል ተራ አስቀምጠን ከየስሙ ጎን መጽሐፉንና ገጹን መጻፍ ነበር ሐሳቡ። ስሞቹ መደጋገም ሲጀምሩ ሥራው ተበላሸ። «ራስ አሊ» ሁለት፣ «እቴጌ መነን» ሁለት፣ «ራስ ጉግሳ» ሦስት፣ «ራስ ሚካኤል» ሁለት፤ «ኢማም አመዴ» ደግሞ ተቆጥሮ አያልቅም። ተማሪ «እቴጌ መነን» ብሎ ሲፈልግ የ1839ን ጦርነትና የአዲስ አበባውን የሴቶች ትምህርት ቤት በአንድ ሰው ሥር ያገኛቸዋል። ቀዳማዊ፣ ዳግማዊ እያልን ቁጥር እንስጥ? ወይስ የሚሻል መንገድ አለ? ሰው በብዛት የሚሳሳትባቸውን ስሞች ብትጠቁሙን ደግሞ ትልቅ እገዛ ነው።

ወረሂመኖ

ቁጥሩን ተዉት። ቁጥር የሚያገለግለው ለነገሠ ሰው ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። ኢያሱን ውሰዱ። አድያም ሰገድ ኢያሱ (1674–1698) ቀዳማዊ ነው፤ የምንትዋብ ልጅ ብርሃን ሰገድ ኢያሱ (1723–1747) ዳግማዊ ነው፤ ከዚያ በዘመነ መሳፍንት ለስም ብቻ የተቀመጡ ሁለት ኢያሱዎች አሉ። የኛው ልጅ ኢያሱ ዘውድ ስላልጫነ አንዱ መጽሐፍ «ኢያሱ 5ኛ» ይለዋል፣ ሌላው ከቁጥር አያስገባውም። በራሶቹና በኢማሞቹ ላይ ደግሞ ቁጥሩን የለጠፉት የኋላ ጸሐፊዎች ናቸው፤ በዘመኑ «ዳግማዊ አሊ» ብሎ የጠራ ሰው የለም።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ አዘጋጁና አምስት ነገር ጻፉበት፦ ስም ከነአባትና ከነአያት፤ ሌላ ስም ካለው (የቀድሞ፣ የክርስትና፣ የንግሥ)፤ የፈረስ ስም፤ አገርና መቀመጫ፤ ቀኑ በደንብ የታወቀ አንድ ድርጊት። ማዕረግ ያላስገባሁት በምክንያት ነው። ማዕረግ በሰውየው ዕድሜ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይለዋወጣል፤ መለያ ካደረጋችሁት አንዱን ሰው ለሦስት ትከፍሉታላችሁ።

የፈረስ ስም እንዳትዘሉ። ፉከራና ቀረርቶ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እሱ ብቻ ነው። ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ልጅ ኢያሱ አባ ጤና፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ማውጫው ላይ «አባ ሻንቆ» የሚል መስመር ከፍታችሁ «ሚካኤል አሊን ተመልከት» በሉበት፤ ገጹን ሁለት ቦታ አትጻፉት፣ ኋላ አንዱን አርማችሁ ሌላውን ትረሳላችሁ።

አሁን ወደ ስሞቹ።

መነን። ሁለቱም የወሎ ሴቶች፣ ሁለቱም እቴጌ ናቸው፤ ስለዚህ አገርም ማዕረግም አይለያቸውም፤ የሚለያቸው የአባት ስም ነው። መነን ሊበን የወረሂመኖው የኢማም ሊበን አመዴ ልጅ ናት። ከአሉላ ጉግሳ ራስ አሊን ወለደች፤ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ 3ኛን አግብታ እቴጌ ተባለች። በ1839 ከጣና በስተሰሜን ካሣ ኃይሉ (የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ) ድል አድርጎ ማረካት፤ አሊ የያዘውን ግዛት አጽድቆለት እናቱን አስፈታ። የአሊ ልጅ ተዋበች ደግሞ የዚሁ የካሣ ሚስት ስለሆነች፣ የተማረከችው የሚስቱ አያት ናት። መነን አስፋው የአምባሰሏ ናት፤ አባቷ ጃንጥራር አስፋው፣ እናቷ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስኂን። ራስ ተፈሪን በ1903 አገባች፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ ጫነች፣ የካቲት 8 ቀን 1954 አረፈች። ትምህርት ቤት የሚል ነገር ካለ እሷ ናት። በነገራችን ላይ ልጅ ኢያሱ ለእሷ አጎቷ ነው፤ ይህን ያልያዘ ሰው የ1909ን ፖለቲካ ሲያነብ ግማሹ ያመልጠዋል።

አሊ። አሊ ጓንጉል (ታላቁ አሊ የሚሉት) ከ1776 እስከ 1780 የገዛው፣ የየጁን ቤት ወደ ጎንደር ያወጣው ነው። አሊ አሉላ ከ1823 ጀምሮ እስከ አይሻል ውጊያ፣ ማለትም እስከ ሰኔ 23 ቀን 1845። ዝምድናው በሴት በኩል ነው፦ የአሊ ጓንጉል እኅት ከፈይ ጉግሳን ወለደች፣ ጉግሳ አሉላን፣ አሉላ አሊን። ስለዚህ ቀድሞ የነበረው አሊ ለኋለኛው የአያቱ አጎት ነው። «አያቱ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ታገኛላችሁ፣ አትከተሉት። ሦስተኛ ደግሞ የሚካኤል አባት ኢማም አሊ አባ ቡላ አለ፤ እሱ የወረሂመኖ ሰው ነው፣ ከየጁዎቹ ጋር አንድ ካርድ ላይ እንዳይወድቅ።

ሚካኤል። «ራስ ሚካኤል» ብቻ ተጽፎ ጎንደርና ዐፄ ኢዮአስ አብረው ከተነሡ የትግሬው ስሑል ሚካኤል ነው፤ ኢዮአስ የተገደለው በ1761 ነው። ደሴ፣ ዓድዋ 1888 ወይም ሰገሌ ካለ የኛው ነው። የኛውን በሦስት ስም ፈልጉት፦ ከ1870 በፊት ኢማም መሐመድ አሊ፣ ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ራስ ሚካኤል፣ ከግንቦት 23 ቀን 1906 በኋላ ንጉሥ ሚካኤል። በስልክ «መሐመድ አሊ» ብላችሁ ከፈለጋችሁ የግብፁ ፓሻና የአሜሪካው ቦክሰኛ ናቸው የሚመጡት፤ «አባ ሻንቆ» ወይም «አይጠየፍ» (የደሴው አዳራሹ) ጨምሩበት። ልጅ ሚካኤል እምሩ፣ በ1966 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት፣ የሚያምታቱት ዘመን ላላየ ሰው ብቻ ነው።

ላስታ ላይ

ከላይ የተጻፈው አብዛኛው ያስማማኛል፤ «ስም ከነአባትና ከነአያት» የሚለው ላይ ግን ልጨምር፤ ደንቡ ካሣ ኃይሉ ላይ ሲደርስ ይሰበራል።

ካሣ ኃይሉ የሚባሉ ሁለት ታላላቅ ሰዎች አሉ። አንዱ የቋራው፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፤ አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ። ሌላው ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ናቸው፤ በ1928 ጦርነት የሰሜኑን ግንባር የመሩት፣ በ1949 ያረፉት። የአባት ስማቸው አንድ ነው። አያት እንጨምር ብላችሁ መጽሐፍ ስትገልጡ «ካሣ ኃይሉ ዳርጌ» ታገኛላችሁ። ዳርጌ ግን የኃይሉ አባት አይደሉም፤ የራስ ካሣ እናት የወይዘሮ ትሰሜ አባት፣ የሸዋው ራስ ዳርጌ ናቸው። በአባት በኩል አያታቸው ወልደ ኪሮስ፣ የላስታ ባላባት ናቸው። በሸዋ ቤተ መንግሥት የእናት ወገን ስለሚከብድ ነው ዳርጌ የተቀጠለው። ካርዱ ላይ ሦስተኛው ስም ከእናት ከመጣ «የእናት አባት» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፤ አለበለዚያ የላስታው ሰው የሸዋ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ለወሎ ማውጫ ትልቅ ጉድለት ነው።

ሦስተኛው ካሣ ምርጫ ነው፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ። እዚህ መለያው ዓመት ነው። ከየካቲት 1847 በፊት ያለ «ደጃች ካሣ» በአብዛኛው የቋራው ነው። ከመቅደላ መውደቅ (ሚያዝያ 1860) እስከ ጥር 1864 ድረስ «ካሣ» ካለ የትግሬው ነው፤ በተለይ ዋግሹም ጎበዜ አብሮ ከተነሣ አትጠራጠሩ። ጎበዜ ራሱ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነግሦ በሐምሌ 1863 አሳም ላይ በካሣ ምርጫ የተሸነፈው ነው። የሱም ስም ሞክሼ አለው፦ በዘመነ መሳፍንት እየወረደ እየወጣ ደጋግሞ የነገሠው ተክለ ጊዮርጊስ። ሰማኒያ ዓመት ያህል ይራራቃሉ።

ላስታ ካልን ደግሞ ገብረ መስቀል አይታለፍ። ላሊበላ በንግሥ ስሙ ገብረ መስቀል ነው። የአክሱሙ የካሌብ ልጅም ገብረ መስቀል ነው፤ ያ በ6ኛው መቶ ዓመት፣ ላሊበላ በ12ኛው መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ። ቅዱስ ያሬድን ከላሊበላ ጋር አብሮ ያኖረ ጽሑፍ ስታዩ ስሕተቱ ከዚህ የመጣ ነው፤ ያሬድ የአክሱሙ ገብረ መስቀል ዘመን ሰው ነው። በላስታ አብያተ ክርስቲያናት የመሬት ስጦታ ጽሑፍ ላይ «ገብረ መስቀል» ካለ ላሊበላ መሆኑን የሚያረጋግጥላችሁ ከጎኑ የሚጻፈው «ላሊበላ» የሚለው ስም ወይም የንግሥቲቱ የመስቀል ክብራ ስም ነው።

የጦሳ ሥር

እግዜር ይስጥልን። የካሣ ኃይሉ ነገር ለብቻው ካርዱን ሁሉ አስቀየረን። አመዴ ላይ ግን ማንም አልነካልንም። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ቴዎድሮስ የገደለው ኢማም አመዴ አለ፤ በሌላው በቦሩ ሜዳ የተጠመቀው ኢማም አመዴ። አንድ ሰው ሞቶ ሊጠመቅ አይችልም።

መርሳ ዳር

አብሽሩ፣ ሁለት ሰዎች ናቸው።

የወረሂመኖ ቤት ስም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳል። አመዴ ሊበንን፣ ሊበን አመዴን እያለ ስለሚፈራረቅ «አመዴ ሊበን» እና «ሊበን አመዴ» የሚሉት ጥንዶች በየሁለት ትውልዱ ይመለሳሉ። የአያት ስም ብትጨምሩም መልሶ ያው ነው፤ እዚህ የአባት ዝርዝር ሳይሆን የእናት ስም ነው የሚያድነው።

በቴዎድሮስ ዘመን ሁለት ሴቶች፣ ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋት፣ እያንዳንዳቸው ለልጃቸው ብለው ወሎ ላይ ይሻኮቱ ነበር። የሁለቱም ልጅ አመዴ ነው። የወርቂት ልጅ አመዴ በሽር፣ መቅደላ ላይ በመያዣነት ተቀምጦ ነበር። በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወርቂት ስለተቀበለችውና ወደ ሸዋ ስላሳለፈችው ቴዎድሮስ ልጇን ገደለባት። የመስተዋት ልጅ አመዴ ሊበን ነው፣ የፈረስ ስሙ አባ ዋጠው። በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ ኃይለ ማርያም ተብሎ የተጠመቀው እሱ ነው፤ የክርስትና አባቱ ምኒልክ ናቸው። የዚያኑ ጊዜ መሐመድ አሊን ክርስትና ያነሡት ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ። ካርዳችሁ ላይ «አመዴ በሽር (እናቱ ወርቂት)» እና «አመዴ ሊበን አባ ዋጠው (እናቱ መስተዋት)» ብላችሁ ጻፉ። ከ1870 ወዲህ ያለውን ሁለተኛውን «ደጃዝማች ኃይለ ማርያም» በሚል ስምም ፈልጉት።

ጉግሳ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው፤ ምክንያቱም መቀመጫም አገርም አይለይም። ጉግሳ መርሶ የየጁ ቤት፣ መቀመጫው ደብረ ታቦር፣ ከ1791 እስከ 1817። ጉግሳ ወሌ የራስ ወሌ ብጡል ልጅ ነው፤ አባቱ ወሌ የየጁ ገዥ ነበር፣ ጉግሳ ራሱ የበጌምድር ገዥ ሆኖ ደብረ ታቦር ተቀመጠ። ስለዚህ «የየጁው ራስ ጉግሳ» ወይም «የደብረ ታቦሩ ራስ ጉግሳ» ብሎ መለየት አይቻልም፣ ሁለቱም ናቸው! የሚለየው ሚስትና ሞት ነው፦ ጉግሳ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱ ባል፣ አንቺም ላይ መጋቢት 22 ቀን 1922 የወደቀው። ዘውዲቱ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24 አረፈች። አውሮፕላን የሚል ቃል ካለ በምንም ዓይነት የመርሶ ልጅ ሊሆን አይችልም። ሦስተኛው ጉግሳ አርአያ፣ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የልጅ ልጅ፣ ምሥራቅ ትግራይ።

የዚህ የሦስተኛው ልጅ ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ነው፤ በ1928 መጀመሪያ ወደ ጣሊያን የገባው። የንጉሠ ነገሥቱን የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ልጅ ዘነበወርቅን አግብቶ ስለነበር አማቻቸው ነው እንጂ በስም አንድ መሆናቸው ዝምድና አይደለም። ተገላቢጦሹ ደግሞ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ አባታቸው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ስለሚባሉ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የሚመስሏቸው ተማሪዎች አሉ። ዘመዳቸውስ ናቸው፣ ልጃቸው ግን አይደሉም።

ብሩም ሁለት ነው፣ ሁለቱም ደጃዝማች፣ ሁለቱም በአሊ አሉላ ዘመን። ብሩ አሊጋዝ የየጁ፣ በ1845 ጣቁሳ ላይ ከካሣ ጋር ሲዋጋ የሞተው። ብሩ ጎሹ የጎጃሙ፤ በቴዎድሮስ ተይዞ እስከ 1860 ድረስ የታሰረው። ከሚያዝያ 1845 በኋላ በሕይወት ያለ ብሩ ካያችሁ የጎሹ ልጅ ነው።

ሐይቅ ዳር

ተክለ ሃይማኖትን ስላልነካችሁት በአጭሩ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና ኢየሱስ ሞአ አብረው ከተጠቀሱ ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፣ 13ኛው መቶ ዓመት። ጎንደር ላይ ሁለት ንጉሦች አሉ፤ አንዱ በ1699 አባቱን ታላቁን ኢያሱን ያስገደለው፣ ሌላው ስሑል ሚካኤል ያነገሠው። ከዚያ የጎጃሙ ንጉሥ፣ ቀድሞ ራስ አዳል ተሰማ፣ ከ1873 ጀምሮ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ በ1893 ያረፉት። በካርዱ ላይ አቡነ፣ ዐፄ፣ ንጉሥ የሚለው እዚህ ቦታ ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ማዕረግ ጭራሽ አያስፈልግም የሚለውን ያህል አልሄድበትም።

ወረሂመኖ

ሐይቅ ዳር፣ እንግዲያው አስፋ ወሰንን ልጥቀስልህ። ደሴ ላይ የነበሩት አልጋ ወራሽ መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ኃይለ ሥላሴ፣ የወሎ ገዥ። ሌላው መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን፣ የአምኃ ኢየሱስ ልጅ፣ በ1800 አካባቢ የሞተው የሸዋ ገዥ። ስምም ማዕረግም አንድ ነው፤ መርዕድ አዝማች የሸዋ ገዥዎች ማዕረግ ስለነበር ነው ኋላ ለአልጋ ወራሹ የተሰጠው። ሦስተኛ ካስፈለገ የራስ ካሣ ልጅ አስፋ ወሰን ካሣ አለ፣ በ1929 ፍቼ ላይ ከወንድሙ ከአበራ ጋር በጣሊያን የተገደለው። አቡነና ንጉሥ ይለዩ፤ ራስ፣ ደጃዝማችና መርዕድ አዝማች ግን መለያ አይሁኑ።

የጌታ መንገድ

ስለ ሼሆቹ ማንም አልጻፈም። በወሎ ዑለማ ላይ የአባት ስም ብዙ አያስኬድም፤ ሙሐመድ፣ አሕመድ፣ ሰይድ፣ ሁሴን የሚሉት ስሞች በአባትም በልጅም ስለሚደጋገሙ ሰው የሚጠራቸው በተቀመጡበት ቦታ ነው። ካርዱን ከቦታው ጀምሩ፦ ጃማ ንጉሥ ሲባል ሼህ ሙሐመድ ሻፊ፣ ጌታ ሲባል ሰይድ ቡሽራ፣ ሾንኬ ሲባል ሼህ ጀውሀር ሐይደር። በመንዙማና በዱዓ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የቦታው ስም ብቻ ነው፤ ስለዚህ «ጌታ» የሚል ራሱን የቻለ መስመር ይኑራችሁ፣ ወደ ስሙ የሚመራ።

ሁሴን ላይ ተጠንቀቁ። የባሌው ሼህ ኑር ሁሴን፣ ድሬ ሼህ ሁሴን ላይ ያሉት፣ ከወሎው ሼህ ሁሴን ጅብሪል በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማሉ። የኛው በአማርኛ ግጥም ስለሚመጣው ዘመን በተናገሩት ነው የሚታወቁት፣ 19ኛው መቶ ዓመት። «ሼህ ሁሴን እንዲህ ብለዋል» ብሎ ባለ ሁለት መስመር አማርኛ ግጥም ከተከተለ የኛው ናቸው። ዚያራ፣ አናጂና፣ የባሌ ሐጅ መንገድ ካለ የባሌው ናቸው።

ዘመን ቆጣሪ

ስሞቹን የምትለዩት በዓመት ከሆነ ዓመቱ ራሱ መጣራት አለበት፤ መጻሕፍቱ ግማሹ በኛ፣ ግማሹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ካርዱ ላይ ሁልጊዜ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱም ሳይጻፍ የቀረን ዓመት አትቀበሉ፤ ወደ መጽሐፉ ተመልሳችሁ አጣሩ።

ሒሳቡ፦ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ታኅሣሥ መጨረሻ 7 ቀንሱ፤ ከፈረንጆች ጥር 1 እስከ ጳጉሜን 8 ቀንሱ። ሰገሌ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 1916 ነው፣ 7 ሲቀነስ 1909። ዓድዋ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1896 ነው፣ 8 ሲቀነስ 1888። ወጥመዱ ያለው በፈረንጆች መስከረም የመጀመሪያ ቀናት ላይ ነው። ንጉሥ ሚካኤል የሞቱት እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1918 ነው፤ ፈረንጅ «መስከረም» ስላለ ብቻ 7 የሚቀንስ ሰው 1911 ይጽፋል። የኛ አዲስ ዓመት ገና ስላልገባ ጳጉሜን 3 ቀን 1910 ነው።

ቀኑን ስትቀይሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዛሬ መስከረም 1 ከፈረንጆች መስከረም 11 ጋር ይገጥማል (ከዘመነ ሉቃስ በኋላ 12)። በ1800ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን የሚገጥመው ከ10 ጋር ነበር፣ በ1700ዎቹ ከ9 ጋር። ፈረንጆቹ በ1700፣ በ1800ና በ1900 የካቲታቸውን 29 ሳያደርጉ ስላለፉ በየመቶው አንድ ቀን ተንሸራትቷል። ስለዚህ የአሁኑን ዓመት ልዩነት ይዞ የአይሻልን ሰኔ 29 ቀን 1853 (እ.ኤ.አ.) የሚቀይር ሰው ሰኔ 22 ያገኛል፤ ትክክሉ 23 ነው። የስልክ መቀየሪያዎች ብዙዎቹ ይህን በትክክል ያሰላሉ፤ በእጅ ሲሠራ ነው የሚሳተው። ተማሪ «ሁለት መጽሐፍ ሁለት ቀን ይላሉ» ካለና ልዩነቱ አንድ ቀን ከሆነ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ።

ፊደል ለቃሚ

ሥራው በኮምፒውተር ከሆነ ከሰዎቹ በፊት ፊደሉ ያጣላችኋል። ኮምፒውተር ሀ፣ ሐ፣ ኀን እንደ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ነው የሚደረድረው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። «ካሣ» እና «ካሳ»፣ «አሊ» እና «ዓሊ»፣ «መሐመድ»፣ «መሀመድ» እና «ሙሐመድ» በተለያየ ቦታ ይወድቃሉ፤ አንድ ሰው ሁለት ካርድ ያወጣል። ከስሙ ጎን ሌላ ዓምድ ክፈቱና እዚያ ላይ ብቻ ሐንና ኀን በሀ፣ ሠን በሰ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ ቀይሩ፤ ሰባቱንም ቅርጽ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም በዚያው ዓምድ አንድ ይሁኑ። ፋይሉን በዚያ ዓምድ ደርድሩ፣ ለአንባቢ የሚታተመው ግን መጽሐፉ የጻፈው ስም ይሁን። ክፍተቱንም በዚያው ዓምድ አጥፉት፤ «ገብረ መስቀል» እና «ገብረመስቀል»፣ «አስፋ ወሰን» እና «አስፋወሰን» አንድ ላይ ይመጣሉ።

ማዕረጉን ከስሙ በፊት በአንድ ሳጥን ውስጥ አትጻፉ። «ራስ አሊ» ተብሎ ከገባ በረ ሥር ይደረደራል፣ ተማሪው ግን በአ ሥር ነው የሚፈልገው። ማዕረግ ለብቻው ዓምድ ይኑረው፣ ከነዓመቱ። «ራስ 1870፣ ንጉሥ 1906» ተብሎ በአንድ ካርድ ላይ ቢቀመጥ ወረሂመኖና ሐይቅ ዳርም ይታረቃሉ።

የጦሳ ሥር

ሁላችሁንም ያክብርልን። አንድ ብቻ ቀረ፦ መጽሐፉ «አሊ» ብሎ ብቻ ሲያልፍ፣ አባትም ዓመትም ሳይኖር፣ ምን እናድርግ?

መርሳ ዳር

አብረውት የተነሡትን ሰዎች እዩ። ውቤ ኃይለ ማርያም፣ ጎሹ ዘውዴ ወይም ካሣ በዚያው ገጽ ካሉ አሊ አሉላ ነው፤ ውቤና አሊ በ1834 ደብረ ታቦር ላይ ስለተዋጉ ስማቸው ብዙ ጊዜ አብሮ ነው የሚሄደው። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ወይም የአሊ የራሱ ወንድም አሊጋዝ ካለ አሊ ጓንጉል። ከገጹ ምንም ካልተገኘ ምዕራፉ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ዓመት ተመልከቱ። ከዚያም ካልወጣ በግምት ከአንዱ ላይ አትለጥፉት፤ «አሊ፣ ያልተለየ» የሚል መስመር ክፈቱና ገጹን እዚያ ጻፉ፤ የሚያውቅ አንባቢ ሲመጣ በእርሳስ ያስተካክለዋል።